የድራይቨር ዶክመንቴሽን ላይ የፊደል ስህተት ማረም ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ፣ የጃቫ ዳታቤዝ ድራይቨር (ፕሮግራምን ከዳታቤዝ የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ዶክመንቴሽን ሳነብ «ሪሲቭ» የሚለው ቃል ኢ እና አይ ተገለባብጦበት አገኘሁ፣ ላርመው ነበር ከየት ልጀምር ብለሽ ስትጠይቂ ሁለት ሶስት ሰው «መጀመሪያ ጊት ተማሪ» (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያውን ቱል ማለት ነው) ብሎሽ ሲያልፍ አይቼ ነው የምፅፈው። ጊት እንደምትችዪ ከጥያቄሽ ያስታውቃል። እኔ በዚህች ነገር አንዴ ጉድ ሆኛለሁ።

1ኛ፣ ምንም ከመንካትሽ በፊት ፅሁፉ ከየት እንደመጣ እዪ። ብሮውዘር ላይ የምታነቢው ገፅ አብዛኛውን ጊዜ ከማርክዳውን (ቀላል የፅሁፍ ፎርማት) ፋይል ወይ ኮዱ ውስጥ ካለው ጃቫዶክ (ማብራሪያ ኮሜንት) ተሰርቶ የወጣ ነው፣ የወጣውን ኤችቲኤምኤል ብታርሚ ገፁ በድጋሚ ሲሰራ (ቢልድ ሲደረግ) ስህተቱ ተመልሶ ቁጭ ይላል። የፖስትግሬስ ጄዲቢሲ (የፖስትግሬስ ዳታቤዝ የጃቫ ድራይቨር) ከሆነ ያነበብሽው እድለኛ ነሽ፣ ጊትሃብ ላይ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ይቀበላሉ። ሌላ ጊዜ ሊብፒኪው (የፖስትግሬስ የሲ ቋንቋ ላይብረሪ) ከሆነ ግን ዶክመንቴሽኑ ከዋናው ፖስትግሬስ ጋር ነው ያለው፣ ጊትሃብ ላይ የምታዪው ኮፒው ስለሆነ እዛ ፑል ሪኩዌስት መላክ ዋጋ የለውም፣ ከገፁ ግርጌ ባለው ፎርም አሳውቂያቸው ወይ ፓቹን (የለውጡን ፋይል) በኢሜይል ላኪ። ማይኤስኪውኤል ላይ ደግሞ ኮድ ውስጥ ያለ ነገር ለመላክ መጀመሪያ የኦራክልን የኮንትሪቢውተር ስምምነት (የላክሽውን እንዲጠቀሙበት የምትፈቅጂበት ውል) ትፈርሚያለሽ።

2ኛ፣ ለአንድ ፊደል ብለሽ ሪፖዚተሪውን (የፕሮጀክቱን ፋይሎች) በሙሉ ክሎን አታድርጊ (ወደ ማሽንሽ አታውርጂ)፣ እኔ የሳምንት ፓኬጄን በልቶብኛል። ጊትሃብ ላይ የእርሳስ ምልክቷን ስትነኪያት ራሷ ፎርክ (የራስሽ ኮፒ) አድርጋ ትሰጥሻለች። ከ4 ኪሎ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልክ አርሜ አውቃለሁ።

3ኛ፣ ዋናው ይሄ ነው ልብ ብለሽ አንብቢው። በፈረንጆቹ 2020 ኦክቶበር ላይ ነው፣ ያኔ ሃክቶበርፌስት የሚባለው የኦፕን ሶርስ ውድድር 4 ፑል ሪኩዌስት ለላከ ቲሸርት ይሰጥ ነበር። እኔ ግን በመድሃኔዓለም ለቲሸርት አልነበረም! ፒያሳ አሁን የፈረሰ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ኮድስፔል የሚባለውን የፊደል ስህተት ፈላጊ ቱል የአንድ ድራይቨር ዶክመንቴሽን ፎልደር ላይ ለቀቅኩበት፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ 61 ስህተት አወጣልኝ። በጣም ደስ አለኝ፣ አንድ በአንድ ማየት ሰልችቶኝ ሁሉንም ራሱ እንዲያርም አዘዝኩትና ላክሁት። 61 መስመር ማን ቁጭ ብሎ ያነባል፣ እነሱም ዝም ብለው መርጅ አደረጉት (ተቀብለው አስገቡት)።

ለካ ከ61ዱ አንዷ ስህተት አይደለችም። የኮኔክሽን ሴቲንግ ሰንጠረዡ ላይ የሰርቨሮቹ ዝርዝር በምን ምልክት እንደሚለይ የምትነግር ኦፕሽን አለች፣ «ሴፓሬተር» የሚለው በኤ መፃፍ ሲገባው በኢ የተፃፈ፣ እና ኮዱ ውስጥም ያው እንደተሳሳተ ነው ያለው። ስሟ ያ ነው በቃ! እኔ ዶክመንቴሽኑን «ትክክል» ሳደርገው ሰው ኮፒ አድርጎ ይጠቀማል፣ ድራይቨሩ ደግሞ የማያውቀውን ኦፕሽን ኤረር እንኳን ሳይሰጥ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ስለዚህ ዝርዝሩን በሴሚኮለን የለየ ሰው ሁሉ ሰርቨሮቹ እንደ አንድ ረጅም ስም እየተነበቡበት አልገናኝ አለው። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ሪፖርት አደረገ፣ 60ውንም ትክክለኛ እርማቴን ጨምረው ሪቨርት አደረጉት (ወደ ነበረበት መለሱት)፣ ከስሩም «የቲሸርት አዳኞች ሆይ እባካችሁ ሌላ ቦታ» የሚል ፃፉበት። ያን ሰሞን በስፓም ተማርረው ስለነበር አልፈርድባቸውም፣ ውድድሩም ራሱ ወሩ ሳያልቅ ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ ወደሚገቡበት ተቀይሯል፣ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛ ሀ እና ኃ ብንቀያይር ማንም አይቆጣንም። ዳታቤዝሽ ውስጥ ግን «ኃይሉ» ተብሎ የገባን ሰው «ሀይሉ» ብለሽ ፈልጊው እስኪ፣ ባዶ ነው የሚመልስልሽ። ኦፕሽንም እንደዛ ነው። ኤችቲቲፒ (ብሮውዘርና ዌብሳይት የሚነጋገሩበት ህግ) ላይ «ሬፈረር» የሚለው ሄደር (ከየትኛው ገፅ እንደመጣሽ የሚናገር መስመር) 1996 በወጣው ሰነድ አንድ አር ጎድሎት ተፃፈ፣ ይሄው እስከዛሬ ብሮውዘር ሁሉ እንደጎደለ ነው የሚልከው። ስለዚህ ቃሉ በኮድ ፎንት (ኮድ በሚፃፍበት የፊደል ቅርፅ) ከተፃፈ መጀመሪያ ኮዱ ውስጥ ሰርች አድርጊ፣ እዛም እንደዛው ካለ እጅሽን ሰብስቢ።

4ኛ፣ ፊርማ። ሌላ ፕሮጀክት ላይ እንደ ኦራክሉ ያለ ስምምነት ልፈርም ስሞክር «ቀጣሪህ በስራህ ላይ መብት ካለው እሱም ይፈርም» አሉኝ። ያኔ ካዛንቺስ ነበር የምሰራው፣ ወረቀቱን ይዤ ህግ ክፍል ገባሁ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ይሄ ለድርጅቱ ስንት ያስገባል?» አለኝ። ኧረ ጋሼ ሁለት ፊደል ነው ስለው «ሁለት ፊደል ከሆነ ውል ለምን አስፈለገው? በስራ ሰዓት የሰው ስራ ትሰራለህ ማለት ነዋ» ብሎ ለአለቃዬ ደወለ። ሶስት ቀን ተመላለስኩ ማህተሙ ጠፍቷል ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባልኩ። በኋላ የቅጥር ውሌን አውጥቼ ሳነበው በትርፍ ሰዓቴ የሰራሁት የራሴ ነው፣ በግሌ ፈረምኩና በማግስቱ መርጅ ተደረገልኝ። አንቺም ያልተቀጠርሽ ከሆነ በግልሽ ፈርሚ፣ ማንንም አታስፈቅጂ።

ከዛ ወዲህ 17 እርማት ገብቶልኛል፣ ሁሉም አንድ በአንድ የተላከ ነው፣ ሲቪዬ ላይም አለ፣ ኢንተርቪው ላይ ስለሱ ነው የሚጠይቁኝ። የአንቺ «ሪሲቭ» ተራ አረፍተ ነገር ውስጥ ነው ወይስ በኮድ ፎንት የተፃፈ? ሊንኩን እዚህ ጣይልኝና ማታ ኮዱን ልይልሽ።