ጆሯችሁ ለሚያስቸግራችሁ የኮሌጅ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ አሜሪካ የመስማት ምርመራ ስሠራ ብዙ የእኛን ልጆች አግኝቻለሁ። አስተማሪው ከሚናገረው ግማሹ ያመልጣቸዋል። ሰው ሁሉ «እንግሊዝኛው ገና ነው» ይላቸዋል፤ እነሱም አምነው ይቀመጣሉ። እንግሊዝኛው ሊሆን ይችላል፤ ጆሮም ሊሆን ይችላል። ሳትመረመሩ አትፍረዱ።

ሃይስኩል የነበራችሁ አይኢፒ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለእናንተ ያዘጋጀው የድጋፍ እቅድ፣ ስትመረቁ ያበቃል። ኮሌጅ ውስጥ ማንም ፈልጎ አይመጣላችሁም፤ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ቢሮ ሄዳችሁ ራሳችሁ ማመልከት አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከጎናችሁ ናቸው።

ቢሮው ማስረጃ ሲጠይቅ ብዙዎቻችሁ ኦዲዮግራሙን ብቻ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ይህ የመስማት ምርመራ ውጤት የሚታይበት፣ ቀይ ክብ የቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ ኤክስ የግራ ጆሮ የሆነበት ግራፍ ነው። መስመሩ ወፍራም ድምፆች ባሉበት በግራፉ ግራ በኩል ደህና ሆኖ፣ ቀጫጭን ድምፆች ባሉበት በቀኝ በኩል ቁልቁል ከወረደ፣ የሰው ድምፅ ይሰማችኋል፤ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ግን ይጠፉባችኋል። «ሰማሁ፣ ግን አልገባኝም» የምትሉት ለዚህ ነው። ቢሮ ውስጥ ፋይላችሁን የሚያየው ሰው ግን ይህን ከግራፉ ላያነበው ይችላል።

ስለዚህ ጆሯችሁን ከመረመረው የመስማት ባለሙያ፣ ከኦዲዮሎጂስታችሁ፣ ደብዳቤ ጠይቁ። «የመስማት ችግር አለበት» ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ ብዙ አይረዳም። አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያወራ፣ ከኋላ ወንበር ተማሪ ሲጠይቅ፣ ኤሲው ሲጮህ ምን እንደሚያመልጣችሁ ይጻፍበት። የሚያስፈልጋችሁም ይጠቀስ፦ ንግግሩን ወዲያው በጽሑፍ የሚያወጣ ካፕሽን፣ ማስታወሻ የሚይዝላችሁ ሰው፣ የአስተማሪውን ድምፅ በቀጥታ ወደ መስሚያችሁ የሚያመጣ ማይክሮፎን። ባለሙያው ይህን የሚጽፈው እናንተ ስትነግሩት ነው። እባካችሁ፣ እሱ ፊት «ደህና ነኝ፣ ምንም አይል» አትበሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይጎዳችኋል።

ደግሞም ቃል እየሰማችሁ የምትደግሙበት ምርመራ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። አፍ የፈታችሁት በአማርኛ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ያልሰማችሁት ቃልና የማታውቁት ቃል አንድ ላይ እንዳይቆጠርባችሁ።

«ሁሉም ያውቅብኛል» ብላችሁ የምትሰጉ አላችሁ። ለአስተማሪ የሚደርሰው ደብዳቤ በአብዛኛው የተፈቀደላችሁን ነገር ይዘረዝራል እንጂ የምርመራ ውጤታችሁን አይናገርም።

ሴሚስተሩ ሳይጀመር ተነሱ። ቀጠሮ ሊዘገይ ይችላል፤ ፈቃዱ ደግሞ እንደ ደንቡ ያለፈ ፈተናን ወደ ኋላ ተመልሶ አያስተካክልም።