ለለገጣፎ መንገድ የትኛው ሪከምበንት ይሻላል? ለጠያቂያችን የተሰጠ መልስ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን አንብቤዋለሁ። ለገጣፎ እንደሚኖሩ፣ ወገብዎ ተራ ብስክሌት ላይ ጎንበስ ማለትን እንቢ እንዳለዎት፣ ሆላንድ ያለው ልጅዎ ደግሞ ወንበር ላይ ጋደም ብለው እግር ዘርግተው የሚነዱትን ሪከምበንት ሊያመጣልዎ እንዳሰበ ጽፈዋል። ባለ ሁለት ጎማ ይሁን ባለ ሦስት፣ ምን አብሮት ይምጣ፣ እንዴትስ ልጀምር ነው ያሉት። እኔ በአያትና በለገጣፎ መካከል ባለ ሦስቱን ለዓመታት ስነዳ ቆይቻለሁ።

ባለ ሦስት ጎማ ይሁን፤ ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ የሆነው። ባለ ሁለት ጎማው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ይወላውላል፣ ጀርባ ወንበር ላይ ተጣብቆ ደግሞ ሚዛን መመለስ ከባድ ነው። ባለ ሦስቱ ላይ መሐል ዳገት ቆመው ቢያርፉ እንኳ አይወድቁም። ከመሬት በጣም ያልወረደውን ይምረጡ። ዝቅተኞቹ በየሰፈሩ በተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዳቸው ይጋጫል፤ ከእነሱ ላይ መነሣትም ለታመመ ወገብ ቅጣት ነው።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቅዎ ግን ስለ ማርሽ ነው። ተራ ብስክሌት ላይ ዳገት ሲከብድ ሰው ከኮርቻው ተነሥቶ በክብደቱ ይረግጣል። እዚህ መነሣት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው እግር ብቻ ነው። ሆላንድ ሜዳ ነው፣ አብዛኛው መሬቱም ከባሕር ጠለል ብዙም አይርቅም። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሳስቶ ሳንባ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ልጅዎ ለራሱ መንገድ የሚበቃው ማርሽ ለእርስዎ አይበቃም። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከፊት ያለው ትንሹ ማርሽ 30 ጥርስ፣ ከኋላ ያለው ትልቁ 34 ጥርስ ነው። የኋላው ጎማ 26 ኢንች ከሆነ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር 1.8 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የፊቱን በ24 ጥርስ ቢያስቀይረው ወደ 1.5 ሜትር ይወርዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው፤ እግረኛ አብሮዎት ሊያወራ ይችላል፣ ይሁን። በከባድ ማርሽ የሚገፋ ሰው ጀርባው መደገፊያ ስላለው ከልኩ በላይ ይገፋል፤ ጉልበቱ የሚበላሸውም በዚህ ነው። ቀላል ማርሽ፣ ፈጣን ዙር።

ከጉልበት ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ ርዝመት ነው። ፔዳሎቹን የተሸከመው የፊት ቱቦ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይስተካከላል። ቱቦው ካጠረ የጉልበት ፊት ያማል፤ ከረዘመ ደግሞ ከጉልበት ጀርባ ያለው ጅማት ይሳባል። ተረከዝዎን በሩቁ ፔዳል ላይ ሲያደርጉ እግርዎ ቀጥ ካለ፣ በእግርዎ ፊት ሲረግጡ ትንሽ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ልኩ ያ ነው። ይህን ልጅዎ እዚያው እንዲያስተካክለው ዛሬውኑ መሬት ላይ ተቀምጠው ጀርባዎን ግድግዳ ያስደግፉ፣ እግርዎን ይዘርጉና ከግድግዳው እስከ ውስጥ እግርዎ ድረስ በሜትር አስለክተው ይላኩለት። በኋላ ቱቦውን ብዙ ማስረዘም ካስፈለገ ካቴናውም መርዘም አለበት፤ የዚህ ዓይነቱ ካቴና ደግሞ የተራውን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። እዚህ በየሱቁ የሚሸጠው ማርሽ ለሌለው ብስክሌት የተሠራው ወፍራም ካቴና አይገጥምለትም። ትርፍ ካቴናና ጥቂት ማያያዣዎች አብረው ይምጡ።

ጎማውን በተመለከተ፣ የፊቶቹ 20 ኢንች ይሁኑ፣ ጎናቸው ላይም 406 የሚል ቁጥር ይኑራቸው። በዚያው ኢንች የሚጠራ 451 የሚባል ሌላ ልክ አለ፤ እሱ ከመጣ ከመነዳሪ ፍለጋ መርካቶን ሲዞሩ ይውላሉ። 406ቱ ግን የልጆች ብስክሌት ልክ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። የአየር መሙያው አፍ የመኪና ዓይነት ይሁን። ቀጭኑን ጎሚስታው ጋ ቢወስዱት ያለ መቀየሪያ አፍ መሙያው አይይዝለትም። የትም ቢያስሞሉ ጎማው ላይ የተጻፈውን የአየር ልክ ራስዎ አንብበው ይንገሩት። በኛ መንገድ ምስማርና ሽቦ ስለማይጠፋ እንደ ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ ያለ ቀዳዳ የሚቋቋም ወፍራም ጎማ ቢገጠምለት እላለሁ፤ ክብደቱን ይታገሡት።

አንድ አደጋ አለ፣ ሻጮች ብዙ ጊዜ አይናገሩትም። እየሄዱ እግርዎ ከፔዳል ቢንሸራተትና መሬት ቢነካ፣ ብስክሌቱ በላዩ ላይ ይሄድበትና ወደ ኋላ ጎትቶ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ተረከዝ የሚይዝ መደገፊያና ማሰሪያ ያለው ፔዳል ግዴታ ነው። ይህ ካልመጣ አይሳፈሩበት።

ለመታየት ረጅም ዘንግ ላይ የሚውለበለብ ደማቅ ባንዲራ፣ በቀንም የሚበራ የኋላ መብራት፣ ግራና ቀኝ መስታወት። ሰው እንግዳ ነገር ሲያይ ራቅ ብሎ ያልፋል፤ እንዲያውም ከተራ ብስክሌት የበለጠ ቦታ ይሰጡኛል። ከጭነት መኪና አፍንጫ ሥር ግን አይቁሙ፤ ሹፌሩ ከላይ ሆኖ አያይዎትም። ክረምት ከመግባቱ በፊት የፊት ጭቃ መከላከያ ያስፈልጋል፤ ጎማዎቹ ከእጅዎ አጠገብ ስለሆኑ ጭቃው በቀጥታ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

እዚህ ሌላ አባል «የሕመምተኛ ጋሪ ነው» ብለው ጽፈዋል። በ1933 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ በዚህ ዓይነት ብስክሌት በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ሪከርዱን ሲሰብር፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በማግስቱ ዓመት ብስክሌቱን ከውድድር አገደው። ጋሪ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ፍሬኑን ይለማመዱ። በአብዛኞቹ የግራ እጅ የግራውን ጎማ፣ የቀኝ እጅ የቀኙን ነው የሚይዘው፤ እኩል ካልተጫኑት ወደ አንድ ጎን ይስባል። ሲታጠፉ ሰውነትዎን ወደሚታጠፉበት ወገን ያዘንብሉ። ከዚያ እሑድ ጠዋት የውስጥ ለውስጥ መንገድ፤ ወደ ሰንዳፋ የሚወስደው ዋና መንገድ ይቆይ። ጎህ ሳይቀድ አይውጡ፤ ውሻው ብቻ ሳይሆን ጅቡም አለ፣ እርስዎም ፊትዎ በነሱ ቁመት ላይ ነው። ውሻ ቢያባርርዎ አይሩጡ፤ ቆመው ቆጣ ይበሉት። ከኔ ጋር እስካሁን የተጋፈጡት ሁሉ ግራ ተጋብተው ተመልሰዋል።

ሞተር እንዲገጠምለት ከፈለጉ ልጅዎ ባትሪውን በሻንጣ አይያዘው፤ ለተሳፋሪ የሚፈቀደው በአየር መንገዱ ፈቃድም ቢሆን እስከ 160 ዋት ሰዓት ነው፣ የብስክሌት ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ደግሞም ከመግዛቱ በፊት የግቢዎን የእግረኛ በር ይለኩ። የብስክሌቱ የፊት ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በሩ ከዚያ ከጠበበ ለእያንዳንዱ ጉዞ ትልቁን በር መክፈት ይኖርብዎታል።