የበየድኩት ወርቅ ቅብ ለምን ቀላ?

ጠያቂያችን ዶቃና ጨሌ እየደረደረች የአንገት ጌጥና ጉትቻ ሠርታ ትሸጣለች። ወርቅ ቅብ ሰንሰለት በሜትር ትገዛና ማያያዣ ቀለበቶቹ እንዳይላቀቁ በትንሽ የጋዝ እሳት ትበይዳቸዋለች። «የበየድኩበት ወዲያው ይቀላል፤ ማጅራት ላይ የሚውለው ደግሞ ከርሞ ይጠቁራል። አንዷን ደንበኛዬን ጆሮዋን አሳከካት። ሻጩ አታሎኝ ነው? መልሼ ባስቀባውስ?» ትላለች።

እህቴ፣ ሻጩ አላታለለሽም ይሆናል። የተቀባው እውነተኛ ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ስስነቱ ነው። የርካሽ ሰንሰለት ቅብ አብዛኛውን ጊዜ 0.5 ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በ0.5 ማይክሮን ሒሳብ 1 ግራም ወርቅ 1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ግድም ያለብሳል፤ አንድ ተኩል ኤፎር ወረቀት እንደ ማለት ነው። ስለዚህ «18 ካራት ቅብ» ሲሉሽ አትደነቂ። ካራቱ የሚናገረው ስለ ወርቁ ንጽሕና እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም። ይህችን ነገር ገበያው ላይ ሆን ብለው የሚያድበሰብሷት አሉ።

የቀላው የእሳቱ ሥራ ነው። ስሱ ወርቅ ሲግል ከሥሩ ካለው ናስ ወይም መዳብ ጋር ይዋሃድና ቀለሙ ይጠፋል። ቅብ ነገር አይበየድም፤ ብየዳውም፣ ሞረዱም፣ ማለስለሱም ከቅቡ በፊት ማለቅ አለባቸው። አንቺ ወፈር ካለ ሽቦ የተሠራ ቀለበት ግዢ። በሁለት ፒንሳ ያዢና አንዱን ጫፍ ወደ ራስሽ፣ ሌላውን ወደ ፊት አዙሪ፤ ወደ ጎን ከፈለቀቅሽው ግን ቅርጹ ተበላሸ፣ መልሶም አይገጥምም። ስትዘጊ ጫፎቹ ጠቅ ብለው እስኪነካኩ ወዲያና ወዲህ አመላልሺ። የፒንሳውን አፍ በፕላስተር ጠቅልይው፤ ጥርሱ ቅቡን ይልጠዋል።

ማጅራት ላይ ላብ፣ ሽቶና የፀጉር ቅባት አለ፤ ፍትጊያውም አያርፍም። ወርቁ ሲሳሳ መዳቡ ብቅ ይላል፣ ይጠቁራል፣ ቆዳንም አረንጓዴ ያደርጋል። ሳይፈተግም ቢሆን መዳብ ቀስ እያለ በስስ ወርቅ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ለመከላከል ብዙ ፋብሪካዎች ከወርቁ ሥር ኒኬል ይለብጣሉ። የደንበኛሽን ጆሮ ያሳከካትም ይኸው ኒኬል ሳይሆን አይቀርም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከጌጣጌጥ ወደ ቆዳ የሚለቀቀውን የኒኬል መጠን በሕግ የገደበው ብዙ ሰው ስለሚቆጣው ነው። ለጆሮ መንጠቆ ቲታኒየም ወይም ጎልድ ፊልድ (የወርቅ ሉህ የተጣበቀበት ናስ፤ ከታች እመለስበታለሁ) ተጠቀሚ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ።

ከእንግዲህ ስትገዢ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ከሥሩ ምንድን ነው? ስንት ማይክሮን ነው? ቨርሜይ የሚባለው «925» በሚባለው የብር ማዕድን (ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር) ላይ የተለበጠ ወርቅ ሲሆን በአሜሪካ ደንብ 2.5 ማይክሮን ይጠበቅበታል። ጎልድ ፊልድ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ በፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ የተቀባ ሳይሆን የወርቅ ሉህ በሙቀትና በግፊት ናስ ላይ የተጣበቀበት ነው። «1/20» የሚል ምልክት ካለው ከክብደቱ 5 በመቶው የወርቅ ሉሁ ነው። ውድ ነው፣ ግን በየቀኑ ለሚደረግ ሰንሰለት እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ሻጩ መልስ ከሌለው አንድ ቀለበት ቆርጠሽ የተቆረጠውን ጫፍ በማጉያ መነጽር እዪ። ጎልድ ፊልድ ከሆነ ዙሪያውን የወርቅ ጠርዝ ይታይሻል፤ በተራ ቅብ ግን ጠርዙ አይለይም። ማግኔት በኃይል ከሳበው ውስጡ ብረት ሳይሆን አይቀርም፣ ተይው።

መልሶ ማስቀባቱ ለርካሽ ሰንሰለት አያዋጣም። አሮጌውን ማንሳት፣ ማለስለስና ከሥር አዲስ መለበጥ ስላለበት ወጪው ከሰንሰለቱ ዋጋ ይበልጣል። ለብር ጌጥ ከሆነ ግን ያዋጣል፣ አንጥረኛ ጋር ውሰጂው። ቤት ውስጥ ልሞክረው እንዳትይ፤ ብዙዎቹ የወርቅ መንከሪያ ፈሳሾች ሳያናይድ አለባቸው፣ መርዙም ገዳይ ነው። የተመለሱልሽን ጌጦች ዶቃውን ፈትተሽ በአዲስ ሰንሰለት ደርድሪያቸው፤ ለባለቤቶቹም ሽቶና ቅባት ከተቀቡ በኋላ እንዲያደርጉት፣ ሲያወልቁም በለስላሳ ጨርቅ እንዲወለውሉት ንገሪያቸው።