በኤፍ 1 ቪዛ እየተማርኩ በካሽ ብሠራ ያስጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ ጃንዋሪ 2024 ሜሪላንድ ገብቼ ኮሌጅ እማራለሁ። ወጪዬን የሚችለው አባቴ ነው፤ ብር ከወረደ ወዲህ ግን የሚልክልኝ ክፍያዬን አይሸፍንም። ግቢ ውስጥ በሳምንት 12 ሰዓት እሠራለሁ። አጎቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ሬስቶራንቱ ቅዳሜና እሁድ በካሽ እንድሠራ ይፈልጋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ እባክዎ አይግቡበት። በካሽ መከፈሉ፣ በቲፕ ብቻ መሆኑ ወይም አሠሪው አጎትዎ መሆኑ ሥራነቱን አያስቀረውም። በሌላ ሰው አካውንት ምግብ ማድረስም እንደዚያው ነው። በሌላ ጥፋት ኤፍ 1 ያጣ ተማሪ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል፤ ያለ ፈቃድ ለሠራ ግን ደንቡ ይህን ዕድል ይነፍገዋል።

ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ እስከ 20 ሰዓት ስለሚፈቀድ 8 ሰዓት ይቀርዎታል። መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ፤ ተጨማሪ ሰዓት ከሌለ ምላሹን በጽሑፍ ይያዙት፣ ይጠቅምዎታል።

ትልቁ መንገድዎ ግን የብሩ መውረድ ራሱ ነው። አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በኤፍ 1 የቆየና ውጤቱ ደህና የሆነ ተማሪ፣ ያልጠበቀው የገንዘብ ችግር ከደረሰበት ከግቢ ውጭ የመሥራት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ደንቡ የውጭ ምንዛሪ ለውጥን በስም ጠቅሶታል። እርስዎ ሲገቡ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብር በጁላይ 2024 መጨረሻ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ከዚያ በኋላ የመጣ ተማሪ ይህን «አልጠበቅሁትም» ለማለት ይቸግረዋል፤ እርስዎ አይቸግርዎትም።

ለቪዛ ያቀረቡትን የአባትዎን የባንክ ማስረጃ ከአሁኑ ጋር፣ የሁለቱን ጊዜ ምንዛሪ፣ የኮሌጁን ሂሳብ እና የአባትዎን ደብዳቤ ያሰናዱ። ደብዳቤው በአማርኛ ከሆነ ተርጓሚው ትክክለኛነቱን በፊርማ ያረጋገጠበት እንግሊዝኛ ይያያዝ። «ተቸግሬያለሁ» ብለው ብቻ አያብቁ፤ ልዩነቱን በዶላር አስልተው ያሳዩ።

ከዚያ የኮሌጅዎ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ድጋፉን አይ 20 በሚባለው የተማሪነት ሰነድዎ ላይ ይጽፍልዎታል፤ እርስዎም የሥራ ፈቃድ ማመልከቻውን፣ ፎርም አይ 765ን፣ ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ዩኤስሲአይኤስ) ያስገባሉ። ከትምህርት ጋር ለተያያዘ የሥራ ልምምድ የሚሰጠውን ፈቃድ፣ የኦፒቲን፣ የምድብ ኮድ በስህተት እንዳይጽፉ ከቢሮው ጋር ያመሳክሩ። የአይ 20 ድጋፍ ፈቃድ አይደለም፤ የሥራ ፈቃድ ካርዱ እጅዎ ሳይገባ፣ የተጻፈበት መጀመሪያ ቀንም ሳይደርስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሥሩ። ካርዱን ሲያገኙ የአጎትዎ ሬስቶራንትም ይፈቀድልዎታል፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት። የሚሰጠው ቢበዛ ለአንድ ዓመት ስለሆነ ለማሳደስ ቢሮውን ቀደም ብለው ያነጋግሩ።