ካሸሯ ስትገባ የሚቆም ፕሮግራም

ጥያቄ፦ ለሱቆች የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም እሠራለሁ። ኢንስቶለሩን የማዘጋጀው በኢኖ ሴትአፕ ነው። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ሲሆን ከፕሮግራሙ ጋር ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ላፕቶፕ ላይ አንድም ችግር የለበትም። ከዚራ ያለ ደንበኛዬ ጋ ስጭነው ግን ካሸሯ በራሷ አካውንት ገብታ ሽያጭ ልትመዘግብ ስትል፣ ዳታቤዙ የሚነበብ ብቻ ነው የሚል ስህተት ያመጣል። ፎልደሩ ላይ ለ«ኤቭሪዋን» (ለሁሉም) ፉል ኮንትሮል፣ ማለትም ሙሉ ፈቃድ፣ ስሰጠው ሠራ። ጓደኛዬ ግን «አቦ፣ ይሄ አደገኛ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው?
*ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ እውነቱን ነው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ተራ ተጠቃሚ ማንበብና ማስኬድ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለትም። እርስዎ ጋ የሚሠራው በአድሚን መብት ስለሚያስኬዱት ይሆናል። ያንን ፎልደር ለሁሉም ሲከፍቱት፣ በካሸሯ አካውንት የገባ ማንኛውም ቫይረስ የፕሮግራሙን ማስነሻ ፋይል (ኢኤክስኢ) ወይም አንዱን አጋዥ ፋይል (ዲኤልኤል) በራሱ ፋይል መተካት ይችላል። በሌላ ቀን እርስዎ በአድሚን ሲያስነሡት ደግሞ ያ ፋይል የአድሚንን ሥልጣን ይዞ ይነሣል። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ሱቅ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም።

መፍትሔው ፈቃዱን ማላላት ሳይሆን ዳታውን ማዛወር ነው። ፕሮግራሙ ባለበት ይቆይ። ዳታቤዙ ግን ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራምዳታ በሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ፣ በፕሮግራምዎ ስም ወደሚከፈት ፎልደር ይሂድ። በኢኖ የተጠቃሚው የግል ዳታ ፎልደር መጠሪያ የሆነውን «ዩዘርአፕዳታ»ን እንዳይጠቀሙ። ካሸሯ በገባችበት ኮምፒውተር ላይ የአድሚን ይለፍ ቃል አስገብተው ሲጭኑ፣ ኢንስቶለሩ የሚያገኘው የአድሚኑን የግል ፎልደር እንጂ የእሷን አይደለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ሌላ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ፕሮግራምዳታ ውስጥ ማንም አዲስ ፋይል መፍጠር ይችላል፤ ሌላ ሰው የፈጠረውን ግን ማንበብ እንጂ መለወጥ አይችልም። ጠዋት የገባችው ካሸር የፈጠረችው ዳታቤዝ ላይ፣ ከቀትር ዕረፍት በኋላ የሚገባው ካሸር መመዝገብ ያቅተዋል። ፋይሉን ያስቀመጠው ኢንስቶለሩ ከሆነማ ለሁለቱም ዝግ ነው። ፈቃድ መስጠት የሚያስፈልገው ይሄኔ ነው።

በኢኖ ስክሪፕትዎ ፎልደሮች በሚዘረዘሩበት «ዲርስ» ክፍል አንድ መስመር ይጨምሩ። «ኔም» ላይ የፕሮግራምዳታ መጠሪያ የሆነውን «ኮመንአፕዳታ»ን በጥምዝ ቅንፍ ከተው የፎልደርዎን ስም ያስከትሉ፤ ከሴሚኮለን በኋላ «ፐርሚሽንስ» ብለው «ዩዘርስ-ሞዲፋይ» (ተራ ተጠቃሚዎች መለወጥ ይችላሉ ማለት ነው) ይጻፉ። ፎልደሩ ከዚህ በፊት የነበረ ቢሆንም ፈቃዱ ይሰጠዋል። ፉል አያስፈልግም። ፉል ከሞዲፋይ በላይ የሚጨምረው በዋናነት ፈቃድ የመለወጥና ባለቤትነት የመውሰድ መብት ነው፤ ሽያጭ ለመመዝገብ ይህ ምን ይሠራል?

ፈቃዱ ለዳታቤዙ ፋይል ብቻ ሳይሆን ለፎልደሩ መሆን አለበት። ኤስኪውላይት በተለመደው አሠራሩ መረጃ በጻፈ ቁጥር ከዳታቤዙ ጎን ጆርናል የሚባል ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፣ ሲጨርስ ይሰርዘዋል። ፎልደሩ ከተዘጋበት፣ ዳታቤዙ ራሱ ክፍት ቢሆንም ምዝገባው ይከሽፋል። የማይክሮሶፍት አክሰስ ዳታቤዝ የሚጠቀሙ ሰዎችም በመቆለፊያ ፋይሉ ምክንያት ያው ችግር ይገጥማቸዋል።

ከፈቃድ ውጪ አንድ ነገር እንጨምር፣ ጉዳቱ ከባድ ነውና። ባዶውን ዳታቤዝ በ«ፋይልስ» ክፍል ሲጭኑ «ኦንሊኢፍደዝንትኤግዚስት» እና «አንኢንስኔቨርአንኢንስቶል» የሚሉትን ፍላጎች ያድርጉ። የመጀመሪያው ከሌለ አዲስ ቨርዥን በጫኑ ቀን የደንበኛው ሽያጭ በሙሉ በባዶ ፋይል ይተካል። ሁለተኛው ከሌለ ደግሞ ፕሮግራሙ ሲነቀል ዳታውም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ሸዋ በር አካባቢ ላለ መድኃኒት ቤት የጫንኩት የቆየ 32 ቢት ፕሮግራም ምንም ስህተት አያመጣም። ነገር ግን በሁለት አካውንት ሲከፈት ሁለት የተለያየ የሽያጭ ዝርዝር ያሳያል። ባለቤቱ ሠራተኞቹን መጠርጠር ጀምረዋል።
*ከሐረር*

መልስ፦ ሠራተኞቹ ንጹሐን ይመስሉናል። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ፣ ማኒፌስት (ፕሮግራሙ በምን መብት መሄድ እንዳለበት ለዊንዶውስ የሚነግር ጽሑፍ) የሌለው 32 ቢት ፕሮግራም፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ሊጽፍ ሲሞክር አይከለክለውም፤ ጽሑፉን በዝምታ ወደ ተጠቃሚው የግል ፎልደር ያዞረዋል። በእያንዳንዱ አካውንት አፕዳታ፣ ከዚያ ሎካል፣ ከዚያ ቨርቹዋልስቶር ውስጥ ይግቡ። የዳታቤዙ ቅጂ እዚያ ተቀምጦ ያገኙታል።

የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የሁሉንም አካውንቶች ቅጂ ወደ ውጭ ይውሰዱ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ላይ «አዝኢንቮከር» (በከፈተው ሰው መብት ይሂድ) የሚል ማኒፌስት ይጨምሩ፤ ማዞሩ በዚህ ይቆማል። ዳታውንም ከላይ እንዳልነው ወደ ፕሮግራምዳታ ያዛውሩ። ቅጂዎቹን ሳይወስዱ ማኒፌስቱን ካስቀደሙ ፕሮግራሙ የቆየውን ዳታ ማየት ስለሚያቆም ባለቤቱ ሁሉም ጠፋ ብለው ይደነግጣሉ። ሁለቱን ዳታቤዞች ሲያዋህዱ አንዱን በሌላው ላይ ኮፒ ማድረግ አይሆንም፤ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ማስገባት ነው። የደረሰኝ ቁጥሮች ሊደጋገሙ ስለሚችሉ ለእያንዳንዱ ቅጂ መለያ ፊደል ይስጡ።

ጥያቄ፦ ኢንስቶለሬ መጨረሻ ላይ የፎልደር ፈቃድ በሚለውጠው የዊንዶውስ «አይካክልስ» ትእዛዝ ለ«ዩዘርስ» ግሩፕ ፈቃድ ይሰጣል። በጅቡቲ በኩል የገቡ፣ ዊንዶውሳቸው ፈረንሳይኛ የሆነ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ጭነቱ «ተሳካ» ካለ በኋላ ፈቃዱ የለም።
*ከመጋላ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ ፈረንሳይኛው ዊንዶውስ ላይ «ዩዘርስ» የሚባል ግሩፕ የለም፤ ስሙ «ዩቲሊዛተር» ነው። ትእዛዙ ስሙን አጥቶ ይወድቃል፤ የትእዛዙ መስኮት እንዲደበቅ አድርገውት ከሆነ ስህተቱን ማንም አያየውም። በስሙ ቦታ በየቋንቋው የማይለወጠውን መለያ ቁጥር ይጻፉ፦ የኮከብ ምልክት፣ ከዚያ ሳይለያይ ኤስ-1-5-32-545። ከቁጥሩ በኋላ ኮለን፣ ቀጥሎ በቅንፍ ኦአይ፣ በቅንፍ ሲአይ፣ በመጨረሻም ኤም (ሞዲፋይ ማለት ነው) ይሁን። ኦአይ ፈቃዱን ወደ ውስጥ ፋይሎች፣ ሲአይ ደግሞ ወደ ንዑስ ፎልደሮች ያወርሳል፤ ሁለቱ ከተዘለሉ ነገ የሚፈጠረው ፋይል ፈቃዱን አይወርስም።

ኢኖ ሴትአፕ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ትእዛዙን ጭራሽ ያውጡትና በ«ዲርስ» ክፍል ይሥሩት። እዚያ የሚጻፈው «ዩዘርስ» የኢኖ የራሱ መጠሪያ ስለሆነ የዊንዶውሱ ቋንቋ አያሳስበውም። ለመፈተሽ ፈረንሳይኛው ኮምፒውተር ላይ አድሚን ያልሆኑ ሁለት አካውንቶች ይክፈቱ። በአንዱ ሽያጭ መዝግበው ይውጡ፣ በሌላው ገብተው ያንኑ ሽያጭ ያርሙ። በአድሚን አካውንት የተደረገ ሙከራ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግርዎትም።