ዋፈሩ አንድ ጥግ ብቻ ካበራ ጀርባውን እየው

ወንድሜ የጻፍከው ደርሶኛል። እዛው ጅማ ላብ ውስጥ የሚያበራ ቀዳዳማ ሲሊኮን ልትሰራ ፒ ታይፕ የሚባለውን የሲሊኮን ዋፈር (ስስ ዝርግ ቁራጭ) በኤችኤፍ (በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ) እና በኢታኖል ውስጥ፣ በ20 ሚሊአምፔር በካሬ ሴንቲሜትር ከረንት ለ10 ደቂቃ ኤች አድርገህ (ቦርቡረህ)፣ በዩቪ ባትሪ ስታየው ብርቱካናማ ሆና የምታበራው በግራ በኩል ሳንቲም የምታክል ቦታ ብቻ ናት፣ ሌላው እንደ መስታወት እንደነበረ አለ፣ እሷም ስትደርቅ ትፈረፈራለች። አሲዱን ሁለቴ ቀይረህ ለውጥ የለም።

አሲዱን ተወው። እኔ ገና ሳነበው የጠረጠርኩት ጀርባውን ነው። የምታበራዋ ቦታ ክሊፑ ከኋላ ከነከሰበት ጋር ትገጥማለች? ከገጠመች አለቀ፣ ከረንቱ በዛች ብቻ ነው እየገባ ያለው። ካንተ በፊት የሰራበት ልጅ ፎይሉን ጀርባው ላይ በሱፐር ግሉ ለጥፎታል ማለትህ ደግሞ አናደደኝ፣ ሱፐር ግሉ ከረንት አያሳልፍም እኮ!

ሳትነካው በፊት ግን ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገብህ ከሌለ ሴሉን (አሲዱና ዋፈሩ ያሉበትን እቃ) አትክፈት። ኤችኤፍ ሲቀጥን ወዲያው አያምም፣ ህመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ እስከዛ ወደ ውስጥ እየዘለቀ የሰውነትህን ካልሲየም ይይዘዋል። ከነካህ ባያምህም በብዙ ውሃ ታጠብ፣ ጄሉን ቀባ፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

ሙጫውን በአሴቶን አንሳ፣ ጀርባውን በአልማዝ ጫፍ ጫር ጫር አድርገህ ኦክሳይዱን ስበር፣ ጋሊየም ኢንዲየም (ፈሳሽ የብረት ቅልቅል) በጥጥ እያሸህ ሙሉውን ቀባና ጠፍጣፋ መዳብ ላይ ጫነው። አልሙኒየም ፎይል እንዳታደርግ፣ ጋሊየም አልሙኒየምን ያፈራርሰዋል። ኦሪንጉ (አሲዱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ካፈሰሰም ቀይረው፣ ጀርባው ደረቅ መሆን አለበት።

አሁን ይሄን ሳልነግርህ አላልፍም። ተራ ሲሊኮን ለምን አያበራም? በገበያ ቀን ሂርማታ ውስጥ የሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች አስብ፣ አንዱ ኤሌክትሮን ነው ሌላው ሆል (ኤሌክትሮን የጎደለበት ቦታ)፣ ሲገናኙ ነው ብርሃን የሚወጣው። ሲሊኮን ውስጥ ግን ቢተያዩም ቶሎ አይግባቡም፣ ሞመንተማቸው ስለማይገጥም የክሪስታሉ ንዝረት እስኪያግዛቸው ይጠብቃሉ፣ ሲጠብቁ ደግሞ እየተንከራተቱ አንዱ ጉድለት ውስጥ ገብተው ጉልበታቸው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አሲዱ ሲሊኮኑን ሲቦረቡረው ግን ጥቂት ናኖሜትር የሆኑ ክሪስታሎች ይቀራሉ፣ ያኔ ሁለቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘጋባቸው ማለት ነው፣ የትም ስለማይሄዱ ይገናኛሉ። ክፍሉ በጠበበ ቁጥር የሚወጣው ጉልበት ይጨምራል፣ ለዛ ነው የሲሊኮን 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት፣ አይን የማያየው ኢንፍራሬድ፣ ወደ ቀይና ብርቱካናማ የሚመጣው። አርተር ኡሊር ቤል ላብስ ውስጥ ይሄን ቀዳዳማ ሽፋን ያገኘው በ1956 ነበር፣ በክፍል ሙቀት እንዲህ ደምቆ እንደሚያበራ ያሳየው ግን ሊ ካናም ነው፣ በ1990።

መፈርፈሩ ከውሃ ነው፣ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን ይስባቸዋል። በኢታኖል አጥበህ ፔንቴን ካለ በሱ ጨርስ፣ ከዛ ሲሊካ ጄል ያለበት እቃ ውስጥ ክደነው፣ የጅማ ክረምት እርጥበት አይምርም። ባትሪህንም ጠርጥረው፣ 365 ናኖሜትር ተብለው የሚሸጡት ርካሾቹ ብዙዎቹ 395 ናቸው፣ የራሳቸው ወይን ጠጅ ብርሃን ብርቱካናማውን ይውጠዋል።

ደግሜ ልንገርህ፣ መብራት ከሄደ የጭስ መሳቢያውም ቆሟል። "ሁለት ደቂቃ ነው የቀረኝ" ብለህ ሴሉ ላይ አታጎንብስ፣ የመሳቢያውን መስኮት አውርደህ ውጣ፣ ብቻህንም አትስራ። ጀርባውን ቀብተህ ብርሃኑ መሃል ካልደረሰ የጀርባውን ፎቶ ላክልኝ።