ዶላሩን ከመክፈልሽ በፊት ሞዴል 19ን (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙን) ተማሪ

ጥያቄው የመጣው ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ከምትማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። አሜሪካ የሚኖረው የአክስቷ ልጅ በአውቶቡስና በባቡር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ "ሰፕላየር ዳይቨርሲቲ" የሚባል ክፍል እንዳለ ነግሯታል። ክፍሉ ትንንሽ ድርጅቶች ከትልልቅ የመንግሥት ኮንትራቶች ድርሻ እንዲያገኙ ይከታተላል። እሷም ሥራውን ወደደችውና ኦንላይን የሚሸጥ ሰርተፍኬት አገኘች። ዋጋው በዶላር ነው፣ ቤተሰብ ተበድሮ ሊከፍልላት ነው። "ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ጅማ ደግሞ ትራንስፖርት ማለት ባጃጅ ነው፣ እዚህ ምን ይሠራልኛል?" ትላለች።

ሰላም እህቴ። በብድር ገንዘብ ሰርተፍኬት አትግዢ። ሥራውን ግን እንዳትተዪው፣ ላንቺ የሚሆን ሥራ ነው።

መጀመሪያ የአሜሪካውን ነገር እናጥራ። እዚያ ይሄ በሕግ የተደነገገ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ኮንግረሱ ከፌዴራል የትራንስፖርት ገንዘብ ቢያንስ 10 በመቶው ዕድል ለተነፈጋቸው ሰዎች ትንንሽ ድርጅቶች እንዲደርስ ግብ አስቀመጠ። በ1987 ሴቶችም ተካተቱ። ድርጅቱ እንዲመዘገብ ቢያንስ 51 በመቶው የእነሱ መሆን አለበት፣ ሥራውንም የሚመሩት ራሳቸው መሆን አለባቸው፣ የግል ሀብታቸውም ከተቀመጠው ጣሪያ ማለፍ የለበትም። ለረጅም ዓመታት ሴቶች፣ ጥቁሮችና ሌሎች የተዘረዘሩ ወገኖች ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ዕድል እንደተነፈጉ ይቆጠሩ ነበር። በኦክቶበር 2025 ይህ ተነሣ። አሁን እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ላይ የደረሰውን በማስረጃ ማሳየት አለበት፣ ቀድሞ የተመዘገቡትም እንደ አዲስ ይታያሉ። ስለዚህ ያንን ሰርተፍኬት የሚሸጡልሽን ሰዎች ትምህርቱ የተዘጋጀው ከዚህ ለውጥ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን ካድበሰበሱ ነገሩ ገብቶሻል ማለት ነው። ደንቡ ራሱ እኮ በነፃ ይነበባል፤ የአሜሪካ ፌዴራል ደንቦች ርዕስ 49፣ ክፍል 26 ብለሽ ፈልጊው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ትልቁ ተቋራጭ ጨረታውን ሲያሸንፍ "ከሥራው ይህን ያህሉን ለእነዚህ ትንንሽ ድርጅቶች እሰጣለሁ" ብሎ ይፈርማል። የሰፕላየር ዳይቨርሲቲ ባለሙያዋ ሥራ የሚከብደው ከፊርማው በኋላ ነው። የተባለችው ድርጅት እውነት ሥራው ላይ አለች? ሠራተኞቹ የማን ናቸው? መኪናውስ? የአሜሪካ መርማሪዎች የማጭበርበር ምልክት ብለው ከሚጠቅሷቸው አንዱ ይሄ ነው፦ የጭነት መኪናው በር ላይ የትንሿ ድርጅት ስም በማግኔት ተለጥፏል፣ ማግኔቱን ስታነሺው ሥሩ የትልቁ ተቋራጭ ስም በቀለም ተጽፏል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነው። እዚያው ሄዶ ያላየ ሰው አይደርስበትም።

ሌላው ደግሞ ሒሳቡ ነው፣ እዚህ ጋ ነው አካውንቲንግሽ የሚሠራልሽ። ለአውቶቡስ የሚሆን ዕቃ ቀረበ እንበል። ትንሿ ድርጅት ራሷ ካመረተችው ሙሉ ዋጋው ከድርሻው ይቆጠራል። መጋዘን ይዛ ዘወትር የምትነግድ ከሆነች 60 በመቶው ይቆጠራል። መሀል ገብታ ያገናኘች ደላላ ብቻ ከሆነች የሚቆጠረው ኮሚሽኗ ነው። አየሽ፣ ያው አንድ ፋክቱር ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል፣ የትኛው እንደሆነ የምትወስነው ደግሞ ከደረሰኙ ጀርባ ያለውን ያጣራችው ልጅ ናት። ክፍያም አለ። ዋናው ተቋራጭ ገንዘቡ በእጁ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ ለትንንሾቹ መክፈል አለበት።

አሁን ጅማ እንምጣ። ፈቃድ ማከራየት ሰምተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ደረጃ ያለው ተቋራጭ ስሙን ይሰጣል፣ ሌላው ይሠራል፣ በእህት ስም ንግድ ፈቃድ ይወጣል፣ እህትየው ግን ሳይቱን አይታው አታውቅም። ከማግኔቱ በምን ይለያል? ማጣራቱ ያው ነው። የባጃጅ ከተማ መሆናችንም አያግድሽም፣ ምክንያቱም ለዩኒቨርሲቲው ወንበር የሚያቀርብ ማኅበርም ሆነ ለአዲስ አበባ አውቶቡሶች የደንብ ልብስ የሚሰፋ ማኅበር የሚወድቀው በዚያው ቦታ ነው፦ ሰነድ ላይ ወይም ክፍያ ላይ።

ክፍያው በተለይ ያንገበግበኛል። ዕቃቸውን አስረክበው፣ ተመስግነው፣ ከዚያ "ነገ ኑ" እየተባሉ የተበደሩትን ለመክፈል የስፌት ማሽናቸውን የሸጡ ሴቶች አውቃለሁ። ጨረታ እንዲያሸንፉ የረዳቸው ሰው ነበር። ገንዘባቸው እንዲወጣ የተከታተለ ግን አልነበረም። እኔ እንድትሞዪ የምፈልገው ያ ሰው የጎደለበት ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ ከአሁን እስከ ምረቃሽ እንዲህ አድርጊ። የፌዴራል የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016ን አንብቢ። የድሮው 649/2001 ነበር፣ ብዙ ሰው አሁንም እሱን ይጠቅሳል፣ እንዳትሸወጂ። ዩኒቨርሲቲሽ የፌዴራል ስለሆነ በዚህ ይገዛል፣ የጅማ ከተማ አስተዳደር ግን በኦሮሚያ ክልል ሕግ ነው። ልዩነቱን ለይቶ የሚያስረዳ አዲስ ተመራቂ ብዙ አይገኝም። የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱ ላይ የወጡ ጨረታዎችንም እያየሽ ሰነዱ አቅራቢውን ምን እንደሚጠይቀው ልብ በዪ።

ከዚያ ከተማው ውስጥ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ አንድ ማኅበር ፈልጊ። ብረታ ብረት ይሁን፣ እንጨት ሥራ ይሁን፣ ስፌት ይሁን፣ ግድ የለም። "ሰነዳችሁን በነፃ ላደራጅላችሁ" በያቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚቀበሉሽ። ቲን፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የአቅራቢነት ምዝገባ፣ ሁሉም ጊዜው ሳያልፍ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) የሚያሠሩበት ገንዘብ ከሌላቸው ካደራጃቸው ጽሕፈት ቤት የዋስትና ደብዳቤ ማምጣት ይቻል እንደሆነ የጨረታ ሰነዱ ላይ ፈልጊ። ይህ መብት እያለ ባለማወቅ ብቻ ከጨረታ የሚቀር ማኅበር አለ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሠንጠረዥ ያዢ። ዕቃው የገባበት ቀን፣ ሞዴል 19 (ገዢው መሥሪያ ቤት ዕቃውን መረከቡን የሚያረጋግጥበት ደረሰኝ) የተቆረጠበት ቀን፣ የክፍያ ጥያቄው የገባበት ቀን፣ ገንዘቡ ባንክ የገባበት ቀን። በየመሀሉ ስንት ቀን እንደፈጀና ወረቀቱ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደቆየ ጻፊ። ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ዕቃውን ጥሎ የሄደ ማኅበር በኋላ ማስረከቡን የሚያሳይበት ነገር ያጣል፣ ስለዚህ ርክክብ ቀን አብረሻቸው ሂጂ። ይህን ሠንጠረዥ ይዘሽ ለግዥ ባለሙያ፣ ለኮንትራት አስተዳደር ወይም ለኦዲት ቦታ ስታመለክቺ የምታወሪው ነገር አለሽ። የዓለም ባንክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሳቸው ፕሮጀክቶችም የግዥ ባለሙያ ይቀጥራሉ። ሥራ ከያዝሽ በኋላ ሰርተፍኬት ካማረሽ በብዙ አገር የሚታወቀው የሲፕስ (CIPS፣ የግዥና አቅርቦት ባለሙያዎች ተቋም) አለ፣ ቀጣሪሽ ሊከፍልልሽ ይችል እንደሆነ ያኔ ትጠይቂያለሽ።

የአክስትሽን ልጅ ደግሞ አንድ ነገር አስቸግሪው። እዚያ ካሉት የአውቶቡስና የባቡር መሥሪያ ቤቶች አንዱ ያወጣውን የትንንሽ ድርጅቶች ተሳትፎ ዕቅድ ይላክልሽ፣ እነዚህ ሰነዶች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ከኛ አዋጅ ጎን አድርገሽ አንብቢው። ያልገባሽ ቦታ ካለ ገጹን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።